ውኃ ልክ

ንታሆንዲ ይነሣል ገና ሳይነጋጋ፣
ደብተሩን ሸጉጦ ወደ ውኃው ሊጠጋ።
ከማንጎዬ ግንድ ላይ ቁጥር የጻፉበት
የብረት ዘንግ አለ ሐይቁን ሚለኩበት፤
(የቀድሞው ጠልቋል፤ ሐይቁ ሲሞላበት
ይህኛውን መታ፣ ሚስማር አቀበልኩት።)
ጎንበስ ብሎ ያይና ግንባሩን ቋጥሮ
ይጽፋል ለመንግሥት አንድ ቁጥር ቆጥሮ።
አራት አገር ጠጥቶ ያልጨረሰው ባሕር
በቁራጭ እርሳስ ተጠቅልሎ ሲታሰር!

እኔ ደግሞ አለሁኝ ኪጎማ ዳርቻ፣
ከባሌ የቀረኝ የሽቦ አልጋ ብቻ።
ንያምዌሩ ይሉኛል፤ ዳጋ ነው ሕይወቴ፤
ሦስት ልጅ፣ አንድ ሚዛን፣ ዕዳ እስካንገቴ።
ዳጋን ለማታውቁት፦ ከጣቴ ያነሰ፣
ጨረቃ ስትጠፋ በፋኖስ የታፈሰ፣
ጆንያ ውስጥ ታጭቆ፣ ተራራ አቋርጦ፣
ከድኻ ትሪ ላይ የሚገኝ አጊጦ።

ግንቦት ላይ መጡና ወረቀት ለጠፉ፤
«ለሦስት ወር ጀልባዎች ሐይቁን እንዳይቀዝፉ፤
አሣው ይውለድበት።» ፈርመዋል ባንድ ላይ
ኮንጎ፣ ቡሩንዲ፣ ዛምቢያ፣ እኛም እዚያው ላይ።

ይሁን፣ ይውለድ አልኩኝ፤ እኔም ወልጃለሁ፣
አራስ ስንት ቀን እንደምትተኛ ዐውቃለሁ።
ግን አራስ ቤት እንኳ ገንፎ ይገነፋል፤
ሐይቁ ሲተኛልን የኔን ማን ይከፍላል?
ብዬ ጠየቅኩት በስብሰባው መሐል።
ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ካርታ ዘርግቶልናል፤
«ዘላቂ» አለን፣ «ቀጣናዊ» አለን፣ «ልማት» አለን፤
በጠርሙስ ውኃ ጠጣ። እኛ ሐይቁን አየን።

በሰኔ ጨለማ፣ ጨረቃ በሌለ፣
አንድ ሰው ከጓሮ «ንያምዌሩ» አለ።
ስሙን አልናገርም፤ እሱም ልጆች አሉት፤
ሳፋ ሙሉ ዳጋ በግማሽ ሰጠኝ፤ ገዛሁት።
ገዛሁት። አልዋሽም። ልቤ እየመታ
ሽቦው ላይ በተንኩት በዚያው ድቅድቅ ማታ።

ሲነጋ ሽቦው ባዶ።
ሌባ ነው አልኩ፤ ውሻዬን ተቆጣሁ።
ኋላ ጎንበስ ብል አሸዋው ያበራል፤
ዳጋው በሽቦው ዓይን ሾልኮ ረግፏል።
ያን ያህል ትንሽ ነው። ዓይን አለው ለስሙ፣
ገና አልደረሰለት አጥንቱም ሆነ ደሙ።
ጠርጌ ሰብስቤ ሚዛን ላይ ባኖረው
መርፌው ተነሣልኝ፤ አሸዋው ነው ያነሣው።

ሄድኩ ንታሆንዲ ዘንድ። ነገርኩት። አልሰበከኝም።
ጥርሱን እየፋቀ ዝም ብሎ ሰማኝ።
«ድሮ» አለ፣ «ግንበኛ ነበርኩ፤ ቤት ስንሠራ
ቀጭን ቱቦ ነበር ውኃ ልኩን የሚያጣራ፤
ውኃ ይሞላና በሁለት ሰው ይያዛል፤
እኔ ጋ ጠብ ካለች እሱ ጋ ይጎድላል።
ይሄም ሐይቅ ቱቦ ነው፤ ጫፉን እኛ ይዘናል፣
ካሌሚ ያለው ሰው ያንን ጫፍ ይዟል።»
ሌላ አልጨመረም። የገዛሁበትን ዋጋ ጠየቀኝ፤
ነገርኩት፤ «ተወደደብሽ» አለ።

ነሐሴ መሸና ሐይቁ ተከፈተ።
ከዚያ ዳር፣ ከዚህ ዳር ፋኖሱ በዛና
ውኃው ከተማ ሆነ፣ ያለምንም ጎዳና።
ዳጋው መጣ። ሽቦው ላይ ቆየ። አልረገፈም።
ዕዳዬ? ግማሹ አለ፤
ባለዕዳ ሲመጣ ውሻዬ ከሩቅ ይለየዋል።

ጠዋት ከዛፉ ሥር «ዛሬ ስንት ነው?» አልኩት።
ነገረኝ። ያቺን ቁጥር
በሚዛኔ ጀርባ በከሰል ጻፍኳት፤
ከጎኗ ደግሞ የዳጋውን ርዝመት፣
በጣቴ ለክቼ።
ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።
እርሳሱን ሰብሮ ግን
እኩሌታውን ሰጠኝ።